ተመልካቹ መቼ ይወቅ?

የመጀመሪያዋን አጭር ፊልማችንን ለሰው ያሳየነው ሐዋሳ፣ ፒያሳ አካባቢ፣ አንድ ወዳጃችን በሚሠራበት ካፌ ፎቅ ላይ፣ ግድግዳው ላይ በወጠርነው ነጭ አንሶላና ተውሰን ባመጣነው ፕሮጀክተር ነበር። ሠላሳ የሚሆን ሰው መጥቶ ነበር፤ አብዛኛው ዘመድና የዘመድ ጓደኛ ስለነበረ ሊያመሰግነን ቆርጦ የመጣ ተመልካች ነው ማለት ይቻላል። ፊልሙ አልቆ መብራቱ ሲበራ ግን ለአፍታ ዝም ተባለ፤ በዚያ ዝምታ መካከል አንዲት ሴት ከኋላ ወንበር ለጎረቤቷ በሹክሹክታ፣ ሆኖም ሁላችንም በሰማነው ድምፅ፣ «አለቀ እንዴ?» አለቻት። ጭብጨባው ከዚያ በኋላ መጣ። ሞቅ ያለ ጭብጨባ ነበር፤ እኔ ግን ወደ ቤቴ ይዤ የሄድኩት እነዚያን ሁለት ቃላት ነው።

የፊልሙ ታሪክ በአጭሩ ይህ ነው። አሞራ ገደል በሚባለው የሐዋሳ የዓሣ ገበያ፣ ከሐይቁ ዳር መረባቸውን ሲጠግኑ የሚያረፍዱ አንድ ሽማግሌ ዓሣ አስጋሪ አሉ። ማንበብ አይችሉም። ወደ ውጭ አገር የሄደው ልጃቸው የላከላቸው አንድ መልእክት ስልካቸው ውስጥ አለ፤ «አባቴ፣ በሰላም ደርሻለሁ። ሥራ እንደያዝኩ እደውልልሃለሁ፤ አታስብ» ይላል። ሽማግሌው በየጠዋቱ ከገበያተኛው መካከል አንድ ሰው ይመርጡና «እስቲ ልጄ፣ ይቺን አንብብልኝ» ብለው ስልኩን ይሰጣሉ፤ የሚነበብላቸውንም አንገታቸውን ዘንበል አድርገው፣ ገና ዛሬ እንደሚሰማ ሰው ያዳምጣሉ። መልእክቱ የመጣው ግን ከሁለት ዓመት በፊት ነው።

ይህን አንቀጽ ያነበበ ሰው ዋናውን ነገር ከአሁኑ አውቋል። የመጀመሪያው ቅጂያችን ግን ይህንኑ ነገር ከተመልካቹ እስከ 12ኛው ደቂቃ ድረስ ደብቆት ነበር።

ቅጂው 14 ደቂቃ ይፈጃል። የመጀመሪያዎቹ 4 ደቂቃዎች ንጋት ናቸው፤ ጭጋጉ ከሐይቁ ላይ ሲነሣ፣ ጀልባዎቹ ሲመለሱ፣ ቆሮሶውና አምባዛው በየወገኑ ሲለይ፣ ልጆች ቢላቸውን ድንጋይ ላይ ሲስሉ፣ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎችም እጃቸውን ወደ ኋላ እንዳጣመሩ የዕድር ሽማግሌዎች ቆመው የዓሣ አንጀት ሲጠብቁ ያሳያል። አሞራ ገደልን የሚያውቅ ሰው ቦታው ለካሜራ እንዴት እንደሚመች ያውቃል፤ ችግሩም እዚያው ላይ ነው፤ ካሜራውን ወደ የትም ብታዞረው ያማረ ነገር ስለማታጣ፣ ያማረው ሁሉ የታሪኩ አካል ይመስልሃል። ከንጋቱ በኋላ ሽማግሌው ይመጣሉ፤ አንዲት ዓሣ ገዥ ታነብላቸዋለች፤ ቀጥሎ አንድ የባጃጅ ሹፌር፣ ቀጥሎ አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ያነቡላቸዋል። በመጨረሻ አንዲት ወጣት ቀኑን አይታ «አባባ፣ ይሄ እኮ የቆየ ነው» ትላቸዋለች፤ ሽማግሌው ስልካቸውን ተቀብለው ወደ ሐይቁ ያያሉ፤ ሙዚቃ ይገባል፤ ያልቃል። ሙዚቃው ዋሽንት ነበር፤ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል።

እንዲህ ያለውን አወቃቀር የወረስነው ከትምህርት ቤት ይመስለኛል። የአማርኛ መምህራችን ስለ አጭር ልቦለድ ሲያስተምሩን ሰሌዳው ላይ ተራራ ይስሉ ነበር፤ ግርጌው ላይ መግቢያ፣ አቀበቱ ላይ ግጭት፣ ጫፉ ላይ ጡዘት፣ ቁልቁለቱ ላይ መፍትሔ ይጽፉበታል። ያ ተራራ ጀርመናዊው ጉስታፍ ፍሬይታግ በ1863 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የድራማ ጥናት ውስጥ የሚገኝ መሆኑን ያወቅኩት ብዙ ቆይቼ ነው። ፍሬይታግ የሳለው ደግሞ ባለ 5 ገቢር ትራጄዲ እንዴት እንደሚሠራ ለማስረዳት እንጂ ለእኛ ዓይነቱ ሥራ አልነበረም። አንድ ምሽት ሙሉ የሚወስድ ትያትር ተራራ ለመውጣት ጊዜ አለው፤ 14 ደቂቃ ግን እዚሁ ከተማችን ውስጥ ያለውን ታቦርን ለመውጣት እንኳ አይበቃም። እኛ ያንኑ ተራራ አሳንሰን ገለበጥነው፤ ከመግቢያውም፣ ከአቀበቱም፣ ከጫፉም ትንሽ ትንሽ ወሰድንና አንዱም በቂ ሳይሆን ቀረ። በእርግጥ አጭር ፊልም የሚለው ስም ራሱ ሰፊ ነው፤ የኦስካር ደንብ እስከ 40 ደቂቃ የሚደርሰውን ሁሉ፣ የካን ፌስቲቫል ደግሞ ከ15 ደቂቃ ያልበለጠውን አጭር ይለዋል። የ40 ደቂቃው በአሠራሩ ወደ ረጅሙ ስለሚጠጋ እኔ እዚህ የማወራው ስለ አጭሩ ነው።

መውጫውን ያገኘሁት ካልጠበቅኩት ቦታ፣ ማለትም አንድ ደቂቃ ከማትሞላ፣ ድምፅ ከሌላት፣ በ1895 እ.ኤ.አ. ከተሠራች የፈረንሳይ ፊልም ነው። ከሲኒማ ጀማሪዎች አንዱ የሆነው ሉዊ ሉሚየር ያነሣት የዚህች ፊልም ስም በአማርኛ ቢመለስ «ረጪው ተረጨ» እንደማለት ነው። ታኅሣሥ 19 ቀን 1888 ዓ.ም.፣ ዓድዋ ሊሆን ሁለት ወር ገደማ ሲቀረው፣ ፓሪስ በሚገኘው ግራንድ ካፌ ከፍሎ ለገባ ሕዝብ ከቀረቡት 10 ፊልሞች አንዷ ነበረች። የሉሚየር ካሜራ የሚይዘው የፊልም ጥቅል 17 ሜትር ያህል ብቻ ስለነበረ፣ ታሪኩ የግድ በአንድ ትንፋሽ፣ በአንድ ሾት (ሳይቋረጥ በተቀረጸ አንድ ምስል)፣ ካሜራው ከቆመበት ሳይነቃነቅ ማለቅ ነበረበት።

ፊልሟን ከሃያ ጊዜ በላይ ሳላያት አልቀርም። አንድ አትክልተኛ በቱቦ አትክልት ያጠጣል። አንድ ልጅ ከኋላው ቀስ ብሎ ይመጣና ቱቦውን በእግሩ ይረግጠዋል። ውሃው ይቆማል። አትክልተኛው ምን ሆነ ብሎ የቱቦውን አፍ ወደ ፊቱ አዙሮ ያያል። ልጁ እግሩን ያነሣል፤ ውሃው አትክልተኛው ፊት ላይ ይፈነዳል፣ ባርኔጣውም ይወድቃል። ሰውየው ዞር ሲል ልጁን ያየዋል፤ ያሯሩጠዋል፤ ይይዘውና ይገርፈዋል። ከዚያ ቱቦውን አንሥቶ ማጠጣቱን ይቀጥላል።

በመጀመሪያ ያስደነቀኝ የሌለው ነገር ነው። ንጋት የለም። የአትክልተኛው ቤትና ኑሮ የለም። ልጁ ለምን ባለጌ እንደሆነ የሚያስረዳ ነገር የለም። ውሃው ለጥቂት ሰከንድ በደህና ሲፈስ እናያለን፤ ስለ ሰውየው የዘወትር ሕይወት የሚያስፈልገን ዕውቀት በሙሉ እርሱ ነው፤ ደህና ሲፈስ ያላየነው ውሃ ሲቆም አይገርመንምና። ሁለተኛው ነገር ልጁን እኛ እናየዋለን፣ አትክልተኛው አያየውም። ሦስተኛውን ያስተዋልኩት ግን ብዙ ጊዜ ካየኋት በኋላ ነው። ልጁ ሲሸሽ ከካሜራው ዕይታ ሊወጣ ይቃረባል፤ አትክልተኛው እዚያው በያዘበት ቦታ መቅጣት ሲችል፣ እየጎተተ ወደ መካከል አምጥቶ ነው የሚገርፈው። በእውነተኛ ሕይወት ማንም እንዲህ አያደርግም። ካሜራው ወደ እነርሱ መሄድ ስለማይችል እነርሱ ወደ ካሜራው መጡ፤ ታሪኩ ቅጣቱ በእኛ ፊት እንዲፈጸም ስለጠየቀ ማለት ነው። ሲኒማ ገና ልደቱን ሳያከብር ይህን ያውቅ ነበር።

ሳቁ ከየት እንደሚመጣ ሳስብ ከውሃው አለመሆኑ ገባኝ። ሳቁ የሚመጣው ልጁ ቱቦውን ከረገጠበት ቅጽበት አንሥቶ ሰውየው ፊቱን ወደ ቱቦው እስኪያስጠጋ ድረስ ካለችው ጥቂት ሰከንድ ነው፤ በእርሷ ውስጥ እኛ እናውቃለን፣ እርሱ አያውቅም። ልጁ ተደብቆብን ቢሆን ኖሮ ውሃው በራሱ ቆሞ በራሱ የፈነዳ ይመስለን ነበር፤ ያ ደግሞ የቧንቧ ብልሽት እንጂ ታሪክ አይደለም። እዚህ ላይ ቋንቋችን ራሱ ቀድሞን የሄደ ይመስለኛል። ሥነ ጽሑፍ መምህራን የታሪክን አካሄድ «ሴራ» ይሉታል፤ በዘወትር ንግግራችን ግን ሴራ ሰዎች በሌላ ሰው ላይ የሚጠነስሱት ነገር ነው። ሴራ አለ የሚባለው የሚያውቅና የማያውቅ ሰው ሲኖር ነው። ተራራውን ሰሌዳ ላይ ሲስሉልን ይህን የቃሉን ሁለተኛ ፍች ማንም አላነሣልንም። እኛ በ14 ደቂቃ ውስጥ የጠነሰስነው ሴራ ነበር፤ ነገር ግን የጠነሰስነው በተመልካቹ ላይ ነበር። ሉሚየር ተመልካቹን የልጁ አባሪ አደረገው፤ እኛ አትክልተኛው አደረግነው፤ ከዚያም ፊቱ ላይ ውሃ ረጭተን ለምን አልሳቅህም፣ ለምን አላለቀስክም አልነው።

ለኤዲተራችን ይህን ስነግረው «እሺ፣ እንሞክረው» አለኝ። የሞከርነው አንዲት ሾት ብቻ ማዛወር ነበር፤ የስልኩ መስታወትና በላዩ ላይ ያለው ቀን ቀርቦ የሚታይባትን የ3 ሰከንድ ሾት ከ12ኛው ደቂቃ አንሥተን ዓሣ ገዥዋ ስታነብ አስገባናት። ወዲያው አንድ ችግር ታየን፤ ስልኩን የያዘው የመጨረሻዋ ወጣት እጅ ነው፣ ጥፍሩ ተቀብቷል። የዓሣ ገዥዋ እጅ ደግሞ የዓሣ ቅርፊት የተለጠፈበት፣ አውራ ጣቱ በጨርቅ የታሰረ እጅ ነው። ስለዚህ ለ3 ሰከንድ ብለን እንደገና አሞራ ገደል ወረድን፤ ዝናብ ጥሎ ስለነበረ ብርሃኑ ከመጀመሪያው ጋር አልገጠመም፤ አስተውሎ የሚያይ ሰው ዛሬም ልዩነቱን ይለየዋል።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ለማመን ፊልሙን ሁለት ጊዜ ደግመን ማየት ነበረብን። ዓሣ ገዥዋ መልእክቱን አንብባ ስልኩን ከመመለሷ በፊት ትንሽ ትቆያለች። በፊተኛው ቅጂ ይህች ቆይታ ቀጣዩን ቃለ ተውኔት የረሳች ተዋናይ ስለምታስመስላት ልንቆርጣት ነበር። አሁን ግን ቀኑን ከእርሷ ጋር አይተናልና፣ ያው ፊት፣ ያው ሰከንድ፣ ልንገራቸው ወይስ ልተወው የሚል ሰው ፊት ሆነ። የባጃጁ ሹፌር ሞተሩን ሳያጠፋ፣ ተሳፋሪው ሳይቆጣው ለመድረስ በጥድፊያ አንብቦ ስልኩን ይወረውርላቸዋል፤ ቀኑን አላየውም፤ በፊት ዝም ተብሎ ያለፈው ይህ ሲን (ትዕይንት) አሁን ያስቃል፤ ሳቁም ትንሽ ያማል። ከሁሉ የገረመኝ ተማሪው ነው። ቀረጻ ላይ ተሳስቶ «አባባ፣ ይሄ…» ብሎ ጀምሮ ያቆማት አንዲት ሾት ነበረች፤ ስህተት ብለን ጥለናት ነበር። ከተጣለችበት አውጥተን አስገባናት። በፊልሙ ውስጥ ካሉት ሁሉ እኔ የምመርጣት እርሷን ነው፤ የሠራናት ግን እኛ አይደለንም።

ንጋቱ ከ4 ደቂቃ ወደ 25 ሰከንድ ወረደ። ለጭጋጉ ሾት ስንል ሦስት ቀን ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነሥተናልና ሲቆረጥ አዝኛለሁ፤ ይሁን እንጂ ተመልካቹ አንዴ ሚስጥሩን ከያዘ በኋላ ሐይቁን አያይም፣ ሽማግሌውን ነው የሚያየው።

ታዲያ መደበቅ ሁልጊዜ ጥፋት ነው ወይ? ኤዲተራችን በቀላሉ የሚረታ ሰው ስላልሆነ ፈረንሳዊው ክሪስ ማርከር በ1962 እ.ኤ.አ. የሠራውን የ28 ደቂቃ «ላ ዤቴ» አመጣብኝ። ፊልሙ ከአንዲት ቅጽበት በቀር ሙሉ በሙሉ ከቆሙ ፎቶግራፎች የተሠራ ነው። አንድ ሰው በልጅነቱ ኦርሊ አውሮፕላን ማረፊያ የአንዲት ሴት ፊትና የአንድ ሰው ሞት አይቷል፤ ምስሉ ዕድሜ ልኩን አይለቀውም። ከሦስተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ከመሬት በታች የሚኖሩ ተመራማሪዎች በዚያው ምስል ጥንካሬ ወደ ኋላ ዘመን ይልኩታል፤ በመጨረሻ ወደ ሴትዮዋ ሲሮጥ፣ በልጅነቱ ሲሞት ያየው ሰው እርሱ ራሱ እንደነበረ ይገነዘባል። «ይሄው፣ እስከ መጨረሻ ደብቆ ነው ያሸነፈው» አለኝ።

እኔ ግን ማርከር አልደበቀም ባይ ነኝ። ሴትዮዋም፣ ሞቱም፣ የሚያየው ልጅም ከመጀመሪያው ደቂቃ ጀምሮ ፊታችን ነበሩ፤ መጨረሻው አንድም አዲስ ነገር አላመጣም፤ የነበረውን ነው ያገናኘው። ስለ እንዲህ ያለ ነገር ሲነሣ ሰምና ወርቅን መጥቀስ የተለመደ ነው፤ ለእኔ ግን ወደ ፊልም ይበልጥ የሚቀርበው የልጅነታችን እንቆቅልሽ ነው፤ ቅኔ ሰሚው እስኪፈታው ይታገሣል፣ ፊልም አይታገሥም። «እንቆቅልሽ» ሲባል «ምን አውቅልህ» ትላለህ። «ሲሄድ ውሎ ሲሄድ ቢያድር የማይደክመው?» የውሃው ነገር ሁሉ ጥያቄው ውስጥ ተነግሮ አልቋል፤ የቀረው ስሙ ብቻ ነው። ሳታውቀው ስትቀር «አገር ስጠኝ» ይልሃል፤ አገር ሰጥተህ መልሱን ስትሰማ «ለካ!» የምትለው መልሱ ፊትህ ስለነበረ ነው። እኛ በፊተኛው ቅጂ እንቆቅልሹን ሳንጠይቅ ነው አገር የጠየቅነው። ቀኑን ተመልካቹ በምንም መንገድ ሊገምተው አይችልም ነበር፤ የተደበቀው በእጃችን ነበርና። ኤዲተራችን በዚህ ግማሽ በግማሽ ነው የተስማማው።

አንድ ነገር ቀድመህ ስትገልጥ መጨረሻህን ታጣለህ፤ ይህን አላሰብንበትም ነበር። «አባባ፣ ይሄ እኮ የቆየ ነው» የምትለዋ ወጣት አሁን የምትነግረን የምናውቀውን ነው። ሦስት መጨረሻ ጻፍን፤ በአንደኛው ልጁ ይደውላል፣ በሁለተኛው ስልኩ ሐይቅ ውስጥ ይወድቃል፤ ሦስተኛውን መናገር እንኳ ያሳፍረኛል። መፍትሔው የመጣው የዓሣ ገዥዋን እጅ ልንቀርጽ በወረድንበት ቀን ነው። የፊልሙ ሽማግሌ ተዋናይ አይደሉም፤ ዕድሜያቸውን በአናጢነት የኖሩ የሰፈራችን አባት ናቸው። በዚያ ቀን ዓሣ የሚያጸዳ የአሥር ዓመት ገደማ ልጅ በአንባቢነት እንዲሞክር አደረግን። ልጁ ፊደሉን አንድ በአንድ እየነካ፣ በዓሣ ደም የረጠበ ጣቱን ቁምጣው ላይ እየጠረገ፣ «ሥራ፣ እንደ፣ ያዝኩ» እያለ ሄደ፤ መልእክቱን አራት ጊዜ ስላስነበብነው ግን ሰልችቶት፣ በአምስተኛው ላይ ከራሱ «ለበዓል እመጣለሁ» የሚል ጨመረበት። «ቁረጡ» ልል አፌን ስከፍት ሽማግሌው ከሚጠግኑት መረብ ላይ ዓይናቸውን ሳያነሡ፣ «ይቺኛዋ ትናንት አልነበረችም» አሉ።

ሁላችንም ሳቅን፤ ከዚያ ኤዲተራችን መሳቁን አቁሞ አየኝ። ለዘጠኝ ደቂቃ ያህል ተመልካቹ ከሽማግሌው በላይ አውቃለሁ ብሎ ሲያዝንላቸው ይቆያል፤ እርሳቸው ግን እያንዳንዷን ቃል በልባቸው ይዘዋታል፤ ቆይታዋንም፣ ጥድፊያውንም፣ የተዋጠችውንም «ይሄ…» አይተው ነበር ማለት ነው። አርስቶትል ስለ ትራጄዲ ሲጽፍ የነገር መገልበጥና መገንዘብ በአንድ ቅጽበት ሲገጣጠሙ ከሁሉ የተሻለው መገንዘብ እርሱ ነው ይላል፤ ምሳሌ አድርጎ የሚጠቅሰውም ሳያውቅ አባቱን ስለገደለው ንጉሥ ኤዲፐስ የተጻፈውን ተውኔት ነው። እዚያ የሚገነዘበው ንጉሡ ነው። እዚህ የሚገነዘበው ወንበር ላይ የተቀመጠው ሰው ነው፤ አትክልተኛው ዞር ብሎ ልጁን ሲያየው እንደማለት፤ ልጁ ደግሞ በዚህ ጊዜ እኛ ነን።

አዲሱ ቅጂ 11 ደቂቃ ነው። በዚያው ካፌ ስናሳየው አሥራ ሁለት ሰው ብቻ መጣ፤ «አለቀ እንዴ?» ያለችው ሴት አልመጣችም። ሲያልቅ አንድ ጎልማሳ «ልጁ ግን ለምን ይዋሻል? ሽማግሌ ይታለላል?» ብሎ ተቆጣ፤ አጠገቡ የነበረው ደግሞ «አልዋሸም፣ ጨመረላቸው እንጂ» አለው፤ ክርክሩ ማኪያቶ እስኪቀርብ ድረስ ቀጠለ። ተማሪው ያለበት ሲን አሁንም በ20 ሰከንድ ይረዝማል፤ ዋሽንቱም ሙሉ በሙሉ አልወጣም።

ከኤዲተራችን ጋር የቀረን ጠብ በመጨረሻዋ ሾት ላይ ነው። ሽማግሌው ያንን ከተናገሩ በኋላ ስልካቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠርገው ኪሳቸው ይከታሉ፣ ወደ መረቡም ይመለሳሉ፤ ልጁ አንጀቱን ይወረውራል፤ አንድ አባ ኮዳ ቀስ እያለ መጥቶ ያነሣዋል። ይህች ሾት 9 ሰከንድ ትሄዳለች። ኤዲተራችን ፊልሙ ያለቀው ሽማግሌው ሲናገሩ ነው፣ ወፉ ትርፍ ነው፣ ይቆረጥ ይላል። እኔ ደግሞ የሉሚየር አትክልተኛ ቱቦውን አንሥቶ ማጠጣቱን እንደቀጠለ አስታውሰዋለሁ። «ያ ግን ሰው ነው፣ ይሄ ወፍ ነው» ይለኛል። ፋይሉ እርሱ ላፕቶፕ ውስጥ ስለሆነ በፈለገው ቀን ሊቆርጠው ይችላል፤ ትናንት ማታ ስከፍተው ግን አባ ኮዳው እዚያው ቆሟል።